ከሰባት ስንት?

ባለፈው ክረምት ለጥቂት ቀናት ጭሮ ሰነበትኩ። ጭሮ ስል አሰበ ተፈሪ ማለቴ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው ሁለቱንም ስም አፉ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ለአውቶቡስ ረዳት አንዱን፣ ለድሮ ወዳጅ ሌላውን ይጠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች አብዛኞቻችሁ ምሳ በልታችሁባት አልፋችኋል እንጂ አድራችሁባት አታውቁ ይሆናል። እኔ አደርኩባት። የሄድኩበትን ጉዳይ ገና ሳልጀምር፣ በአስተማሪነቴ ዘመን አንድ ኮርስ የሰጠሁት ልጅ መምጣቴን ሰምቶ ከተፍ አለ። በእጁ ክላሰር ይዟል።

«ጋሼ፣ አማርኛውን ብቻ ይዩልኝ። ሌላው ያለቀ ነው» አለኝ።

«ሌላው ያለቀ ነው» የሚል ተማሪ ሲመጣ እኛ አስተማሪዎች ወንበር ስበን እንቀመጣለን። ገልጬ አየሁት። አምስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለ ሕይወት እርካታ። ልጁ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ ሰው እየጠየቀ የመመረቂያ ጽሑፉን የመሥራት ሐሳብ አለው። ጥያቄዎቹ የእሱ አይደሉም። ኤድ ዲነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣቸው ናቸው። ሕይወትህ ከምትመኘው ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? የኑሮህ ሁኔታ እንዴት ነው? ረክተሃል ወይ? ዋና ዋና የምትላቸውን ነገሮች አግኝተሃል? እንደገና መኖር ቢቻል ምኑን ትለውጠው ነበር? ጭብጣቸው ይኸው ነው። ተጠያቂው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ይሰጣል፤ ሲደመር ከ5 እስከ 35 ይመጣል። 20 መሐል ሰፋሪ ነው። 31ና ከዚያ በላይ ያገኘ እጅግ የረካ፣ ከ10 በታች የሆነ እጅግ ያልረካ ይባላል። ዓለም ላይ ስንትና ስንት ቋንቋ የተተረጎመች፣ አንድ ገጽ የማትሞላ ወረቀት ናት።

በማግስቱ ጠዋት «እስኪ እንሞክራት» ብሎ መናኸሪያው አካባቢ ሆጃ ወደሚሸጡ አንዲት እናት ወሰደኝ። የቡና ቅጠሉ በወተት ፈልቶ ይሸታል። ሁለት ስኒ አዘዝንና ልጁ ወረቀቱን አወጣ።

«እማማ፣ በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱማ ጥሩ። ግን ከሰባት ስንት ይሰጡታል?»

«ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ ቁጥር አለው እንዴ?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ስኒዬን አየሁ። ጥቂት አሰበና 6 ብሎ ጻፈ። «ለምን ስድስት?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። «ፈገግ ብለዋላ» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ ስድስት ቁጥር ናት።

መጀመሪያ የተባልኩትን ላድርግ፤ አማርኛውን ልይ። «እርካታ» ምንድን ነው? ጥጃ ጡት ጠብቶ ይረካል። የተጠማ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይረካል። መሬት ዝናብ ሲወርድበት ይረካል። ሦስቱም ነገ ተመልሰው ይጠማሉ። እርካታ በአማርኛችን የአንድ ጊዜ ነገር ነው፤ «በሕይወቴ ረክቻለሁ» የሚል ሰው ከሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ውጪ የሰማሁ አይመስለኝም። «ደስታ» እንበለው? ደስታም ቢሆን ቀን አለው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ የልጅ ምርቃት። ደግሞስ የአካባቢው ሰው አብዛኛው አፍ የፈታው በኦሮምኛ ነው። እዚያ ደግሞ ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው «ነጋ?» እየተባባለ ነው፤ ሰላም ነው ወይ? አንተ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ። «ገመቹ» የሚባለው ደስታ ከዚህ ሰላም ተነጥሎ ለብቻው አይጠየቅም። ስለዚህ «ረክተዋል ወይ» ተብለው የተጠየቁት እናት የመለሱት ለሰላምታ ነው። ለሰላምታ ደግሞ የሚሰጠው መልስ ምስጋና ነው። ቤቱ ቢቃጠልም መጀመሪያ ምስጋናው ይቀድማል፤ ቃጠሎው በኋላ ይወራል።

አምስተኛዋ ጥያቄማ ጨርሳ ሌላ ናት። እንደገና ብትኖር ምኑን ትለውጥ ነበር ማለት ለአንድ አማኝ ጥያቄ ናት ወይስ ፈተና? አላህ ያደረገውን፣ እግዚአብሔር የወሰነውን እኔ ማነኝና እቀይራለሁ ይላል። በዚህ መልሱ 7 ይሞላል። ወረቀቷ እርካታ ብላ የመዘገበችው ነገር ግን ትሕትና ነው። ለዘመናት ሰምና ወርቅ ሲናገር በኖረ አገር፣ ሰሙን ብቻ ሰብስቦ የሚሄድ መጠይቅ ወርቁን ለማን ይተወዋል?

ሰዓቱስ? ኖርበርት ሽዋርዝና ጄራልድ ክሎር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው በስልክ ሲጠየቁ ፀሐይ በወጣበት ቀን የተጠየቁት በዝናብ ቀን ከተጠየቁት ይልቅ ኑሯቸውን አሳምረው ተናገሩ። አስቀድሞ ስለ አየሩ ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ኋላ እጅግ ብዙ ሰው ይዘው የተሠሩ ጥናቶች የአየሩን ነገር ይህን ያህል ትልቅ ሆኖ አላገኙትም። እሺ፣ አሜሪካን በዝናቧ እንተዋት። ወደ ገለምሶና በደሳ እንምጣ። ጫታቸው አዲስ አበባ ድረስ በስም የሚጠራ ከተሞች ናቸው። እዚያ ጠዋት ሐራራ የያዘውን ሰው ስለ ሕይወቱ ጠይቁት፤ የአያቱን በደል ሳይቀር ይቆጥርላችኋል። ያንኑ ሰው ከበርጫው መሐል፣ ምርቃናው ሲመጣ ጠይቁት፤ ሦስት ፎቅ ሠርቶ፣ ልጁን ዶክተር አድርጎ፣ አገሩን አስታርቆ ይጠብቃችኋል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ጸጥ ይላል። ሰውየው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሦስት ነው። እንግዲህ የጠያቂው ሰዓት ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ፣ የተለካው የምዕራብ ሐረርጌ ሕይወት ነው ወይስ የምዕራብ ሐረርጌ ከሰዓት በኋላ?

እስካሁን ያልኩትን ይዛችሁ «ደስታ አይለካም» ወደሚለው አዳራሽ እንዳታስገቡኝ። የዚያ አዳራሽ ሰው አይደለሁም። ዲነር እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ክርክር ነው፤ የሚያስጥል ሥራም አልሠራም። አንድ ሰው ዛሬ የሰጠው ቁጥር ከወራት በኋላ ከሚሰጠው ብዙ አይርቅም። ወዳጅ ዘመዱ ስለ እሱ ከሚናገሩትም ጋር ይቀራረባል። ሥራ ያጣ ሰው፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ቁጥሩ ይወርዳል። የዲነር ልጅ ሮበርት ቢስዋስ-ዲነር ደግሞ ከአባቱ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 የካልካታን የጎዳና አዳሪዎችና የድሃ ሰፈር ነዋሪዎች ጥናት አሳትሟል። እነዚያ ሰዎች ስለ ገቢያቸው የሰጡት መልስና ስለ ቤተሰባቸው የሰጡት መልስ አንድ አይደለም፤ በገንዘቡ የጎደለውን በዘመድ ይሞሉታል። ይህን ያህል ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

ደግሞም መጠየቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በ1910ዎቹ ይህን የጨርጨር አገር ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ በመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር በ«ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» የምናውቃቸው። ሩሲያና ፈረንሳይ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፤ ጨርጨርን ለሌላው አውራጃ ምሳሌ ሊያደርጓት፣ አሰበ ተፈሪንም ሊያቀኗት ደክመዋል። በጎ አሳቢ ነበሩ። ነገር ግን ከእሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ ለዚህ ሕዝብ ደስታ ያሰበለት ሁሉ ያሰበለት ከላይ ሆኖ ነው። ንጉሡ ያሰቡለት፣ ደርጉ ያሰበለት፣ ኋላ የመጣውም የልማት ዕቅድ ያሰበለት። «አንተ ራስህ እንዴት ነህ?» ብሎ እስክሪብቶ የያዘ ሰው መምጣቱን አልንቅም። የምጠይቀው የመጣው ሰው መልሱን እንዴት ያነበዋል የሚለውን ነው።

ንባቡ ላይ ነው ነገሩ። የዓለም የደስታ ሪፖርት የሚባለው ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የሚወጣ ሰነድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዕትሙ ኢትዮጵያ ከ143 አገሮች 130ኛ ነበረች፤ ፊንላንድ ከ2018 ጀምሮ ይዛው የቆየችውን አንደኛነቷን እንደያዘች። ጋዜጦቻችን ደረጃውን ብቻ ያወጡታል፤ ጥያቄው ምን እንደነበር ግን ብዙ አንባቢ አያውቅም። ጥያቄው «ደስተኛ ነህ?» አይደለም። ሃድሊ ካንትሪል የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው የመሰላል ጥያቄ ነው። ከ0 እስከ 10 ደረጃ ያለው መሰላል አስብ፤ ጫፉ ላንተ የሚቻለው ምርጥ ሕይወት ነው፣ እግሩ የባሰው ሕይወት ነው፤ አንተ የትኛው ደረጃ ላይ ቆመሃል?

አስተውሉ። መሰላሉን የሚሠራው ተጠያቂው ነው። የአንዱ መሰላል ጫፍ ጣራው ላይ ያልቃል፤ የሌላው ሰማይ ይነካል። ከብቶቹ ያልሞቱበት፣ ልጆቹ የጠገቡለት ገበሬ ከዚያ በላይ ምንም ካላየ 8ኛው ላይ ቆሜያለሁ ቢል አልዋሸም። አማርትያ ሴን ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ይህንን ነው። የተረገጠ ሰው ኑሮውን ለመቻል ሲል ምኞቱን ያሳጥራል፤ ምኞቱን ያሳጠረ ሰው ደግሞ እርካታን ብቻ በሚያይ ሚዛን ላይ ያልተበደለ ይመስላል።

አሁን ከጭሮ ብዙ ሳንርቅ ዶባ ወረዳ እንግባ። ታንጊ ቤርናር፣ ስቴፈን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያ አንድ ሙከራ አደረጉ። በእኔ ግምት በዚህ አገር ስለ ተስፋ ከተሠሩ ጥናቶች ሊነበብ ከሚገባው ግንባር ቀደሙ ነው። በ64 መንደሮች ሰዎችን በዕጣ ለዩ። ለአንዱ ቡድን አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች በገዛ ቋንቋው አሳዩ። የፊልሙ ባለታሪኮች ከሌላ ዓለም የመጡ አይደሉም፤ እንደ ተመልካቹ ያሉ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ተነሥተው፣ ለፍተው ኑሯቸውን ያሻሻሉ። ለሁለተኛው ቡድን ተራ የቴሌቪዥን መዝናኛ አሳዩ። ለሦስተኛው ምንም አላሳዩም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ፣ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ለገቢያቸው፣ ለሀብታቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት ያላቸው ምኞት ከፍ ብሎ ተገኘ። ምኞት ብቻ አይደለም፤ ቁጠባቸውና ልጅ ትምህርት ቤት መላካቸውም ጨምሮ ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተመለሱ ጊዜም የፊልሙ ዱካ ጨርሶ አልጠፋም።

የዚህ ሥራ ብልኃቱ ግልጽ ነው። «ምን ተሰማህ?» ብሎ አላቆመም፤ «ምን አደረግህ?» ብሎ ቀጠለ። ፈገግታ አይቶ ስድስት አልጻፈም። ከሁሉ በላይ የገባው፣ ሰው የትኛው ደረጃ ላይ ቆሟል ከሚለው በፊት መሰላሉ ስንት ክንድ ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ግን ማንም ጮክ ብሎ ሲናገረው ያልሰማሁት አንድ ነገር አለ። የዶባውን ጥናትና የደስታ ሪፖርቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አስቡ። ፊልሙ ሠራ እንበል፤ የገበሬው መሰላል ረዘመ። ትናንት ጫፉ ጋ ደርሻለሁ ይል የነበረው ሰው ዛሬ ወደ ላይ ሲያይ ገና መሐል ላይ ነው። የቆመበት መሬት ዝቅ አላለም፤ እንዲያውም ቆጥቧል፣ ልጁን ተማሪ ቤት አስገብቷል። የመሰላሉን ጥያቄ የያዘው ጠያቂ ሲመጣ ግን የሚሰጠው ቁጥር ሊያንስ ይችላል። ዶባ ላይ እንዲህ ሆነ አላልኩም። የምለው፣ አንዱ መለኪያ «ተሳካ» የሚለውን ሌላው «ከሰረ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል ነው። ልጆቿን ያስተማረች ወረዳ ከእርካታ ሰንጠረዥ ልትወርድ ትችላለች። ያንን ሰንጠረዥ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን ደግሞ ወይ «ሕዝቡ ምስጋና ቢስ ሆነ» ይላል፣ ወይ ባልተማረችው ወረዳ 8 ቁጥር ይመጻደቃል።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ምሳሌ ይፈቀድልኝ። በ1958 ዓ.ም. ወደታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሄዳችሁ የዲነርን ወረቀት ብታድሉ ፊታውራሪ መሸሻ ስንት ይሰጣሉ? ሠላሳ አምስት ቢሞሉ አይገርመኝም፤ ሥርዓቱ የእሳቸው፣ ርስቱ የእሳቸው፣ አለመለወጡም የእሳቸው ነው። ጉዱ ካሣስ? አምስትን ካለፈ ምን አለ በሉኝ። የዘመኑ ሰው ዕብድ ነው ያለው ለዚህ ነው። ወረቀቷን ብቻ ያየ ተመራማሪም ጉዱ ካሣን መታከም ያለበት ሰው ያደርገው ነበር። እኛ አንባቢዎች ግን የሚያየው ማን እንደሆነ እናውቃለን። አለመርካት ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። አንዳንዴ የዓይን መከፈት ነው።

ዓይን ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን ቀላል አይደለም። የዶባዎቹ ተመራማሪዎች የተመረኮዙበት ደብራጅ ራይ ይህንን ያውቀዋል። ምኞት በጣም ቅርብ ከሆነ አያስነሣም፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ተስፋ ያስቆርጣል ይላል። እኔ የዶባውን ሥራ የምነቅፈው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ መሰላሉን ያረዝማል፤ መሰላሉ የሚደገፍበትን ግድግዳ ግን ፊልም አያቆመውም። መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲካፈል እያነሰ ነው። ዝናቡ እንደ ድሮው አይታመንም። ቡናው ተነቅሎ ጫት የገባው ገበሬው ስለሰነፈ አይደለም፤ ሒሳቡን ስለሠራ ነው። ከእነዚሁ ተመራማሪዎች ሦስቱ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት አንድ ጽሑፍ ርዕሱ ከዕድል አማኝነት ባሻገር እንደማለት ነው። እርግጥ ዕድል አማኝነት እግር ያስራል። ግን «አላህ ያውቃል» የሚለው ገበሬ ሁሉ ልቡ የታሰረ አይደለም፤ አንዳንዱ የሚያውቀውን እየነገረን ነው። ድህነትን ልብ ውስጥ ብቻ የፈለገ ልብ ውስጥ ብቻ ያገኘዋል።

ጭሮ ውስጥ በዚያ ሰሞን ካፌ በረንዳ ላይ ያገኘኋቸው ወጣቶች ምኞት አላጠራቸውም። ዲግሪ አላቸው፤ ስልካቸው ላይ ዓለምን ያያሉ። መሰላላቸው ከአባቶቻቸው አሥር እጥፍ ይረዝማል። ያጡት የሚደገፍበት ግድግዳ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ቦሳሶ፣ ከዚያም ባሕር ወደ መሻገር ይሄዳል። እነሱን «ከሰባት ስንት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጧችኋል። ቁጥሩ እውነት ነው። ነገር ግን የሚነግራችሁ ስለ ልባቸው ሳይሆን ስለ ከተማቸው ነው።

የብሪታንያው ባዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በኢትዮጵያ፣ በባንግላዴሽ፣ በፔሩና በታይላንድ ባካሄደው የደህና ኑሮ ጥናት የተሻለ መንገድ ሞክሯል። መጀመሪያ «ለደህና ኑሮ ለአንተ የሚያስፈልጉት ምን ምን ናቸው?» ይባላል፤ ቀጥሎ «በእነዚህስ ረክተሃል?» ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ግን ሰውየውን ከመልስ ሰጪነት ወደ መሰላል ሠሪነት ያመጣዋል። ለልጁ ይህን ነገርኩት። «ወረቀቱ ይረዝማል» አለኝ። ይርዘም!

የእናቲቱን ነገር ሳልጨርስ። ልጁ ወረቀቱን ክላሰሩ ውስጥ ከትቶ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ሰክቶ ሒሳብ ስንከፍል ነው ሴትዮዋ የተናገሩት። ማንም አልጠየቃቸውም።

«ልጄ ሳውዲ ነው ያለው» አሉ መልስ እየቆጠሩ። «ዓርብ ዓርብ ይደውላል። የደወለ ቀን መጥታችሁ ጠይቁኝ፣ የፈለጋችሁትን ቁጥር ጻፉ። ሳይደውል የቀረ ዓርብ ግን አትምጡብኝ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ልጁ ቆም አለ፤ ክላሰሩን እንደገና ከፈተና ስድስቷን አያት።

«ጋሼ፣ ስንት ልበል ታዲያ?»

«ስድስቷን ተዋት» አልኩት፤ «አጠገቧ ግን አሁን ያሉህን ጻፍ።»

«እዚህ ጋ ቦታ የለውም።»

እውነቱን ነው። አምስት ጥያቄ፣ ሰባት ሰባት ሳጥን፤ ለዓርብ የተተወ ቦታ የለም። ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው ጻፍነው።